ምዕራፍ 7፦ ሐኪሞች ሲለያዩ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ተሳፋሪው ሳይመካከር አንድ ነገር ያደርጋል። ጋቢ የደረበ ጋቢውን ያወርዳል፤ ጃኬት የለበሰ ዚፑን ይከፍታል፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መስታወቱን ይገፋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከታች፣ በቦርከና ሸለቆ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ይህች ቁልቁለት ብቻዋን የ4 ዲግሪ ልዩነት ታመጣለች።

ለተሳፋሪው ልዩነቱ የጋቢ ጉዳይ ነው። በወንጀል ክስ ውስጥ ሲገባ ግን ይኸው ልዩነት ወደ ሰዓት ይለወጣል፤ ሰዓቱም አንድ ሰው ወደ ቤቱ ወይም ወደ ማረሚያ ቤት እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ጉዳይ እናስብ። ሰዎቹንም ክሱንም ለማስረዳት ስል የፈጠርኳቸው ናቸው። እናት ኮምቦልቻ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የ14 ወር ልጇን ለሞግዚት ትታ ከቀኑ 9 ሰዓት ትገባለች፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትመለሳለች። በዚያች ሌሊት ስትመለስ ልጅቷ የተኛች መስሏት አጠገቧ ጋደም አለች። ንጋት ላይ እጇን ብትዳብስ በረዶ ሆናለች። ጩኸት፣ ጎረቤት፣ ባጃጅ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ፖሊስ። አስክሬኗ ለምርመራ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ።

የመጀመሪያው ሐኪም ያየውን ጻፈ፦ ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ ምልክት፣ ደረቷ ላይ የቆዩ ትንንሽ ጠባሳዎች፣ የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ ላይ እብጠት፣ አፍንጫዋ ላይ ደም የቀላቀለ አረፋ። ድምዳሜውም ተመትታና ታፍና፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ሞታለች የሚል ነበር። እናትየዋ ያኔ ሥራ ላይ ስለነበረች ክሱ በሞግዚቷ ላይ ተመሠረተ። ተከላካይ ጠበቃው የጠራው ሁለተኛ ሐኪም ግን ያንኑ መዝገብ አንብቦ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ሕፃኗን የገደላት የሳንባ ምች ነው፣ የአጥንቱ እብጠት ሪኬትስ ነው፣ የሞተችውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው አለ። ሁለቱም ምለው ነው የመሰከሩት። ዳኞቹ ማንን ይመኑ?

የታየውና የተባለው

ሁለቱን ሐኪሞች ችሎት ውስጥ ሲከራከሩ የሰማ ሰው ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ብሎ ሊወጣ ይችላል። የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ግን ያዩት አንድ መሆኑን ይረዳል። ሰማያዊውን ምልክት፣ ጠባሳውን፣ እብጠቱንና አረፋውን ሁለቱም ተቀብለዋል። የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱን ለሁለት መክፈል ነው። በዓይን የታየው፣ በእጅ የተዳሰሰውና በመሣሪያ የተለካው በአንድ በኩል ይቀመጣል። ሐኪሙ ከዚያ ተነሥቶ የደመደመው በሌላው በኩል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ምልክት ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?

ከሰማያዊው ምልክት እንጀምር። ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው አብሯት የተወለደ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሕዝቦች ዘንድ ብዙ ሕፃናት ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከዓመታት በኋላ በራሱ ይጠፋል። ሁለተኛው የደም መዝቀጥ ነው። ልብ ሲቆም ደም እንደማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጀርባዋ የተኛች ሕፃን ጀርባዋ ይጠቁራል። ይህ ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይታያል። ሦስተኛው በምት የመጣ ብልዘት ነው። ሦስቱን በዓይን ብቻ መለየት ያሳስታል። መለያው ቢላዋ ነው። መርማሪው ቆዳውን ሲሰነጥቅ ብልዘት ከሆነ ደሙ ሥጋው ውስጥ ሰርጎ ይገኛል፣ ቢያጥቡትም አይለቅም። የዘቀጠ ደም ከሆነ ግን ያለው በደም ሥሮቹ ውስጥ ነው፤ ሲታጠብ ይሄዳል። ስለዚህ ዳኛው መጠየቅ ያለበት “ብልዘት ነው ወይ?” ብሎ ሳይሆን “ሰንጥቀው አይተዋል ወይ?” ብሎ ነው።

የደረቱ ጠባሳስ? በገጠርም በከተማም ልጅ ሲታመም ደረቱን በብረት የሚተኩስ፣ በምላጭ የሚበጣ፣ እንጥል የሚቆርጥ ባህላዊ አዋቂ አለ። ይህ ድርጊት ራሱ ያስጠይቃል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ከአንቀጽ 561 ጀምሮ ለይቶ ይቀጣል። ነገር ግን ልጁ ይድንልኛል ብሎ ያስተኮሰ ወላጅና ልጁን ሊያሰቃይ ብረት ያጋለ ሰው በአንድ አንቀጽ አይገናኙም። ጠባሳው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚለያያቸው ቦታው፣ ቅርጹ፣ አሰዳደሩና ጎረቤት የሚያውቀው የልጁ የሕመም ታሪክ ነው።

የጎድን አጥንቱ እብጠት ከሁሉም የከበደው ነው። የሕፃን ጎድን አጥንት ልፍስፍስ ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም። በተለይ ከኋላ፣ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ተሰብሮ ከተገኘ ሐኪሞች አንድ ሰው ደረቷን በሁለት እጁ ጨምቆታል ብለው ይጠረጥራሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ምክንያት አለው። ሪኬትስ ግን ሌላ ምልክት ይተዋል። በቫይታሚን ዲ እጥረት የተጎዳ ልጅ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ከፊት በኩል ያብጣል። እብጠቱ ተደርድሮ ሲታይ የክርስቲያኑን መቁጠሪያ ወይም የሙስሊሙን ሙስበሃ ይመስላል። ምች እንዳይመታው ተብሎ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የሚያድግ ልጅ፣ ይህን ያህል ፀሐይ ባለበት አገር፣ ፀሐይ ይራባል።

እዚህ ላይ የራሳችን አገር ጥናት አለ። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማንን፣ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ከመጀመሪያዎቹ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሁለተኛዎቹ 20ው ብቻ። ሪኬትስና የሳንባ ምች አብረው የሚሄዱ በሽታዎች መሆናቸው እንዲህ ታየ። እንግዲህ ሁለተኛው ሐኪም “ሪኬትስም የሳንባ ምችም ነበረባት” ማለቱ ከሳሽን ለማምለጥ የተፈተለ ነገር ላይሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሪኬትስ ያለበት ልጅም ይመታል። በሽታ መኖሩ ጥቃት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ የሚጠየቀው ዝርዝር ነው። እብጠቱ ያለው ከፊት ነው ከኋላ? በራጅ ታይቷል? ሳንባው በማይክሮስኮፕ ተመርምሯል ወይስ ከላይ ብቻ ታይቶ ተተወ?

ቴርሞሜትሩ የት ተነበበ?

አሁን ወደ ሰዓቱ። የሞተ ሰው ሰውነት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እስኪስተካከል ድረስ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ የሰውነቱን ሙቀት ለክቶ ወደ ኋላ በመቁጠር የሞቱን ሰዓት ይገምታል። አሳቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ አቀዝቃዡ ብዙ መሆኑ ነው። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ነውና። ቀጭን ከወፍራም ይቀድማል። በጋቢ የተጠቀለለ ይዘገያል፤ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ይፈጥናል። በኮምቦልቻ ሌሊት የሞተና በደሴ ሌሊት የሞተ እኩል አይቀዘቅዙም።

በእኛ ጉዳይ ሕፃኗ የሞተችው ኮምቦልቻ ነው፤ እስኪነጋ የቆየችውም በእናቷ ጎን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። የተለካችው ደሴ፣ ብርድ ልብሱ ከተገፈፈና በመኪና ሐረጎን ከወጣች በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም በደሴ ብርድ ከቆጠረ፣ በኮምቦልቻ ያለፈውን ሙቅ ሌሊት ሳያስገባ ነው የቆጠረው።

ስሌቱ ሁሉን አስገብቶ እንኳ ቢሠራ ጠርዙ ሰፊ ነው። ጀርመናዊው የፎረንሲክ ሐኪም ክላውስ ሄንስገ የሠራውና በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሰንጠረዥ፣ ሁኔታው ሲመቻች፣ ስሕተቱ ወዲህና ወዲያ 2.8 ሰዓት ነው። ይህ ማለት “ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል” ብሎ የወጣ ግምት ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ እስከ ንጋቱ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ሐኪሞች ሰዓት በዚህ ጠርዝ ውስጥ ይገባል። እናም ክርክር የመሰለው ነገር ሲመረመር ክርክር አልነበረም፤ ሁለቱም ከአንድ ሰፊ መስክ የተለያየ ጥግ ላይ ቆመው ነበር። ሐኪም ሰዓት ሲናገር ስፋቱንም ይናገር። ስፋት የሌለው ሰዓት ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

ሐና

ከምናብ ወደ እውነተኛ መዝገብ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2011፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሴድሮ ዉሊ በተባለች ከተማ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ወድቃ ሞተች። ስሟ ሐና ዓለሙ ነው። ዊሊያምስ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የወሰዷት ልጅ ነበረች። በዚያ ቀዝቃዛ ምሽት ለሰዓታት ከቤት ውጭ ቆይታለች፤ ስትገኝ እርቃኗን ነበረች።

እርቃኗን መገኘቷ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ሕክምናው ግን ያውቀዋል። ብርድ ሊገድለው የደረሰ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የደም ሥሮቹ በድንገት ይከፈቱና የሚቃጠል ይመስለዋል፤ ልብሱንም ያወልቃል። ከዓውዱ ተነጥሎ ቢታይ ሌላ ወንጀል ሊመስል የሚችል ምልክት እዚህ ራሱ የብርድ ምስክር ሆነ። የአስክሬን ምርመራው የሞቷን ምክንያት የሰውነት ቅዝቃዜ አለ፤ የምግብ እጥረትና የጨጓራ ሕመም አስተዋጽኦ አድርገዋል ሲልም መዘገበ።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው የሚጨነቅበት ጥያቄ ይነሣል። ገዳዩ ብርዱ ነው ወይስ ርሃቡ? ስብ የሌለው ሰውነት ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ርሃቡ ብርዱን አበርትቶታል። ብርዱ ባይኖር ግን ርሃቡ በዚያች ሌሊት ባልገደላት። የእኛም ሕግ ይህን ዓይነት ድርብርብ ምክንያት አስቦበታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 24 እንደሚለው ከድርጊቱ በፊት፣ ጎን ለጎን ወይም በኋላ ሌላ ምክንያት መኖሩ ብቻ አጥፊውን ከውጤቱ አያላቅቀውም፤ የሚያላቅቀው ያ ሌላ ምክንያት ራሱን ችሎ ውጤቱን ለማምጣት በቂ የሆነ እንደሆነ ነው። ሐኪሞች ከምክንያቶቹ የትኛው እንደሚበልጥ ሊለያዩ ይችላሉ። ልጅቷ ከስታ እንደነበርና በዚያ ብርድ ውጭ እንደቆየች ግን የሚለያዩበት ነገር አይደለም። ፍርድ በብዙ ጉዳይ የሚቆመው ባለሙያዎቹ በተስማሙበት መሬት ላይ ነው።

ከዚህ የበረታው ክርክር ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር፦ ሐና ስንት ዓመቷ ነው? በዚያ ግዛት ሕግ “በማሰቃየት የመጣ ግድያ” የሚባለው ከባድ ክስ የሚቆመው ሟች ከ16 ዓመት በታች ከሆነች ነው። በጉዲፈቻ ወረቀቷ መሠረት 13 ዓመቷ ነበር። ተከላካዮቹ ወረቀቱን አንቀበልም አሉ። ከተቀበረች በኋላ አስክሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷ ተመረመረ። ጥርስ ግን የልደት ሰርተፊኬት አይደለም። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች የሚያድጉበት ፍጥነት ከልጅ ልጅ በዓመታት ይለያያል፤ ባለሙያም የሚሰጠው ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ነው። 16 ቁጥር እዚያ ክልል መካከል ላይ ስትወድቅ ሳይንስ ብቻውን አይፈርድም።

ይህ ክርክር የተወለደው ዋሽንግተን አልነበረም፤ እዚሁ እኛ ጋ ነው። ወሳኝ ኩነት በሕግ መሠረት መመዝገብ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አንድ ወረቀት ቀበሌ ውስጥ ስላልተጻፈ ከዓመታት በኋላ በባሕር ማዶ መቃብር ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2013 የዳኝነት ጉባኤው (ጁሪው) ቃሉን ሰጠ። ሚስትየዋ በማሰቃየት በመጣ ግድያ ጥፋተኛ ተባለች። በባልየው ላይ በዚህ ክስ መስማማት አልተቻለም፤ በሰው መግደል ግን እሱም ጥፋተኛ ሆነ። እሷ 37 ዓመት፣ እሱ 28 ዓመት የሚጠጋ እስራት ተፈረደባቸው። አንድ መዝገብ፣ አንድ ጉባኤ፣ አንድ ዓይነት የሕክምና ማስረጃ፣ ለሁለት ሰዎች ግን የተለያየ ውጤት። የሕክምና ማስረጃ ልጅቷ እንዴት እንደሞተች ሊናገር ይችላል፤ ማን ምን እንዳደረገና ምን እንዳሰበ ግን ከቤቱ ውስጥ የመጣ ምስክርነት ነው የሚነግረን። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ዘግታለች፤ ለዚያ ካደረሱት ሞቶች ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሐናን ነው።

ቁጥርና ስም

ዳኛን ከሚያስቱ ነገሮች ሁለቱ ከሕክምናው ውጭ ናቸው። አንደኛው የቁጥር ግርማ ነው። እንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የተባለች የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1996ና በ1998 ሁለት ሕፃናት ወንዶች ልጆቿ ሞቱባት። በ1999 ገድለሻቸዋል ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ታዋቂው የሕፃናት ሐኪም ሰር ሮይ ሜዶው በአንድ ቤት ሁለት ሕፃን በተፈጥሮ በድንገት የመሞቱ ዕድል ከ73 ሚሊዮን 1 ነው ብሎ መሰከረ። ቁጥሩን ያገኘው ለአንድ ሕፃን ሞት የተሰጠውን ከ8,543 1 የሚል ዕድል በራሱ አባዝቶ ነው። ማባዛት የሚቻለው ግን ሁለቱ ሞቶች የማይዛመዱ ከሆነ ነው። ወንድማማቾች ደግሞ አንድ ደም፣ አንድ ቤት፣ አንድ አየር ይጋራሉ።

ሁለተኛ ስሕተትም አለ፤ እሱ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ሎተሪ የመውጣት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ዕጣው የወጣለትን ሰው ግን “ይህ ሊሆን ስለማይችል አጭበርብረሃል” አንለውም። ትክክለኛው ጥያቄ ሁለት ብርቅ ነገሮችን ማወዳደር ነው፦ ሁለት ሕፃናት በተፈጥሮ መሞታቸው ወይስ እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏ፣ የትኛው ይበልጥ ብርቅ ነው? ሳሊ ክላርክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ነጻ ወጣች። የሁለተኛው ሕፃን የላቦራቶሪ ምርመራ ባክቴሪያ ማሳየቱን፣ ይህም ለመከላከያው ሳይነገር መቅረቱን በኋላ የተገኘ ሰነድ አጋልጦ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች። በአውስትራሊያም አራት ልጆቿን ገድላለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈረደባት ካትሊን ፎልቢግ፣ ከሁለቱ ሴት ልጆቿ የልብን ምት የሚያውክ የዘር ለውጥ ከተገኘ በኋላ በ2023 ፍርዷ ተሽሯል። በተፈረደባት ዓመት ያ ለውጥ የልብን ምት እንደሚያውክ ገና አልታወቀም ነበር።

ሌላው አሳሳች ነገር ስም ነው። ካናዳ ውስጥ ቻርልስ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ለሁለት አስርት ዓመታት በሕፃናት ሞት ላይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር። የፎረንሲክ ሥልጠና ግን አልነበረውም። በኋላ ከ45 መዝገቦቹ 20ው ላይ ጉድለት ተገኘ። በአንደኛው፣ ከሞት በኋላ የሚመጡ ተራ ለውጦች እንደ ጥቃት ተቆጥረው አጎት በወንድሙ ልጅ ሞት ተፈርዶበት 12 ዓመት ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ነጻ ተባለ። ዳኛ እንግዲህ “ስንት ዓመት ሠሩ?” ከሚለው ይልቅ “በዚህ ሥራ የት ሠለጠኑ?” ማለት ይሻለዋል።

አንድ ወረቀት ብቻ ሲኖር

እስካሁን ሁለት ሐኪም የመጣበትን ችሎት ነው ያየነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ግን አብዛኛው ጊዜ ሁለተኛ ሐኪም የለም። ለአስርት ዓመታት የአስክሬን ምርመራ የሚላከው አዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ሟች ሕፃን ሲሆን ደግሞ ቀብር ቶሎ ነው፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ሳይመሽ፣ ሳያድር እንዲቀበር ይፈለጋል። ሰውነቱን ክፈቱ ማለት ለእናት ሁለተኛ ሞት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው አንድ ገጽ የሐኪም ወረቀት ይሆናል።

ዳኛን የሚያስጨንቀው ሁለት የተቃረኑ ወረቀቶች ማግኘቱ ይመስለናል። የሚያስጨንቀው ግን የሚቃረነው የሌለው ወረቀት ሊሆን ይገባል። ሁለት ሐኪም ሲለያይ ጥርጣሬው ፊት ለፊት ይታያል። ወረቀቱ አንድ ሲሆን ጥርጣሬው የለም ማለት አይደለም፤ የሚናገርለት ሰው ጠፋ እንጂ። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይል የለ ያገሬ ሰው።

ሕጉ መንገድ ሰጥቷል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ለአስርት ዓመታት ያገለገለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 143 ፍርድ ቤት ለፍትሕ ያስፈልጋል ያለውን ምስክር በራሱ እንዲጠራ ይፈቅዳል። ሐኪሙ ወረቀቱን ልኮ ከመቅረት ይልቅ ችሎት ቀርቦ እንዲጠየቅ ማድረግ የዳኛው ሥልጣን ነው። አንቀጽ 149 ደግሞ ፍርዱ ማስረጃው ተቀባይነት ያገኘበትን ወይም ያላገኘበትን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። “የሕክምና ማስረጃው ያረጋግጣል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት አይደለም። ምክንያት ማለት ከተባለው ተለይቶ የታየው የትኛው እንደሆነ፣ ሌላ ምን ሊያመጣው ይችል እንደነበር፣ ያም ለምን እንደተጣለ መጻፍ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽን ንጹሕ ብሎ ስለሚገምት፣ ያልተጣለ ሌላ ምክንያት ሲቀር የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው።

ለቤተሰቡም ሐዘን መፍትሔ አልጠፋም። በሐረርና በቀርሳ ሃሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፍበት የሕፃናት ሞት ጥናት፣ አስክሬን ሳይከፈት በመርፌ ብቻ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ናሙና ይወስዳል፤ ቤተሰቡም ፈቅዶ ሳይዘገይ ይቀብራል። ጥናቱ የወንጀል ምርመራ አይደለም። ግን ቀብርና ምርመራ የግድ እንደማይጣሉ አሳይቷል።

ወደ ሕፃኗ እንመለስ። ዳኞቹ የመጀመሪያውን ሐኪም ጠርተው አራት ነገር ጠየቁት እንበል። ሰማያዊውን ሰንጥቀውታል? አልሰነጠቀም። የጎድን አጥንቱን ራጅ አንሥተዋል? አላነሣም። ሳንባውን በማይክሮስኮፕ አይተዋል? አላየም። ቴርሞሜትሩን የት አነበቡት? ደሴ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሞግዚቷ በዚህ መዝገብ ነጻ መውጣት አለባት፤ ሁለተኛው ሐኪም ስላሸነፈ ግን አይደለም። የሳንባ ምቹንም ቢሆን ማንም አላረጋገጠውም። ነጻ የምትወጣው ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት የነበረበት ነገር ሳይመረመር ስለቀረ ነው።

ሕፃኗ በእውነት ተገድላ ከሆነስ? ፍትሕዋ የጠፋው ችሎት ውስጥ ሳይሆን በዚያች ጠዋት ነው። የቤቱን ሙቀት የለካ ፖሊስ አልነበረም፤ ብርድ ልብሱን ያስቀመጠ ሰው የለም፤ አንዲት ስንጥቅ ጀርባዋ ላይ ያሳረፈ ሐኪም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ አስክሬኗ ሐረጎን ወጣ፣ በመንገዱም በየኩርባው ቀዘቀዘ። የሚናገረውን ይዞ የሄደው ያ ሙቀት ነበር፤ ማንም ሳይጽፈው አየር ላይ ቀረ።